ስቲከር የተለጠፈበት ዲስክ፦ ለምን ይቆራረጣል፣ እንዴትስ ይድናል?

የወንድሜ ሠርግ በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ ነበር፣ ደብረ ማርቆስ። ቪዲዮውን የቀረጸው ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ዲቪዲውን አመጣልን። ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ በክብ ስቲከር ተለጥፎበታል። እናቴ ያንን ፎቶ ስታይ እልል አለች። ዲስኩን በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ ይታያል፣ ተመልሶ ይገባል።

ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ዲስኩ ያስቸግር ጀመር። የሚያስቸግረው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። የሙሽራው መነሳት፣ አጀቡ፣ ዳሱ ውስጥ ያለው ጭፈራ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። መልሱ ላይ ሲደርስ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ድምፁ ይንተባተባል። ከዚያ ቀጥ ይላል። እናቴ ደግሞ እኔን ነው የምትይዘኝ፤ «አንተ ልጅ፣ መልሱን ምን አድርገህ ነው ያጠፋኸው?»

ዲስኩን አገላብጬ አየሁት። አንድም ጭረት የለውም። በጥጥ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ለውጥ የለም። አንድ ቀን መስታወት ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁትና ጎንበስ ብዬ በጎን በኩል ተመለከትሁ። ጠርዙ ዙሪያውን ከመስታወቱ ተነስቷል። ልክ እንደ ሳህን። ስቲከሩ ደርቆ ሲኮማተር ዲስኩን ይዞት ወደ ላይ ጎብጧል። የመልሱ ቪዲዮ ያለው ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ዲስክ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አለ። ብዙው ሌላ ቅጂ የለውም። ብዙው ላይ ደግሞ ስቲከር አለ።

አጭሩ መልስ

አዎ፣ ስቲከር ይጎዳል። ሁሉንም ዲስክ እኩል አይጎዳም፤ በአንድ ቀንም አይጎዳም። ሙሉ ክብ የሆነ፣ መሃሉን ጠብቆ የተለጠፈ ስቲከር ያለበት ሲዲ በቀስታ በሚያሽከረክር ዴክ ለዓመታት ሊጫወት ይችላል። ያው ስቲከር ዲቪዲ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የዋጋ ወይም የቁጥር ትንሽ ወረቀት በአንድ ጎኑ የተለጠፈበት ዲስክ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ደግነቱ አብዛኛው የስቲከር ጉዳት የተቀዳውን ነገር አያጠፋውም። ዲስኩን ያጎብጠዋል ወይም ያንገጫግጨዋል እንጂ ቪዲዮው ውስጡ አለ። ስለዚህ ማውጣት ይቻላል። በእርግጠኝነት የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ስቲከሩን ለመላጥ መሞከር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ሠራተኞች የሲዲና የዲቪዲ አያያዝ መመሪያ አውጥቶ ነበር። እዚያም ለረጅም ጊዜ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት እንዳይደረግ ይመክራል። የእናቴ ሳጥንም ቤተ መዛግብት ነው፤ ምክሩ እኛንም ይመለከታል።

ዲስኩ ውስጡ ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የተቀዳው ነገር የሚያብረቀርቀው ፊት ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ያንን ፊት ይጠነቀቅለታል፣ በላይኛው ፊት ግን እንደፈለገ ይጽፋል፣ ይለጥፋል። ሲዲ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ሌዘሩ ከታች ገብቶ ይህን ሁሉ ፕላስቲክ አቋርጦ ያልፋል። የተቀዳበት ቀለምና ብርሃን የሚመልሰው ስስ ብረት የሚገኙት ከፕላስቲኩ በላይ፣ ስማችንን ከምንጽፍበት ፊት ሥር ነው። የሚከላከልላቸው ስስ የቫርኒሽ ሽፋን ብቻ ነው። ስቲከሩ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። በእስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍም ሲዲን የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

ዲቪዲ ሌላ ነው። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው ነው የሚሠራው። የተቀዳው ነገር መሃል ላይ፣ እንደ ሳንድዊች ነው። ከላይ ያለው ጭረት ወይም ሙጫ በቀላሉ አይደርስበትም። ታዲያ ስቲከር ዲቪዲን ለምን የበለጠ ያስቸግረዋል? ጥበቱ ነው። ሲዲ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ መስመር 1.6 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። ዲቪዲ ላይ 0.74 ብቻ። አንዲት የራስ ፀጉር ዲስኩ ላይ ብትጋደም ከሥሯ ወደ መቶ የሚጠጉ የዲቪዲ መስመሮች ይኖራሉ። ሌዘሩ እነዚህን አንድ በአንድ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ዲስኩ ትንሽ ሲጎብጥ ይስተዋል።

መጉበጡ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ትንሽ ሙከራ ማየት ትችላላችሁ። የእጅ መስታወት ውሰዱ። የፀሐይ ብርሃን አሳርፉበትና ግድግዳው ላይ ያለውን ነጥብ ተመልከቱ። አሁን መስታወቱን በጣት ጫፍ በጥቂቱ ገፋ አድርጉት። ነጥቡ ግድግዳው ላይ በስንዝር ይሸሻል። የዴኩ ሌዘርም እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ዲስኩን ነክቶ ወደ መጣበት መመለስ አለበት። ጠርዙ ካዘነበለ ወደ ጎን ይሄዳል።

ሌላው ነገር ሲዲም ዲቪዲም የሚቀዳው ከመሃል ወደ ጠርዝ መሆኑ ነው። የሠርጉ መጀመሪያ ቀዳዳው አጠገብ፣ መጨረሻው ዳር ላይ ነው። የጎበጠ ዲስክ ደግሞ በብዛት የሚያዘነብለው ዳሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን አጥርቶ እያሳየ መጨረሻው ላይ የሚንተባተብ፣ ጭረትም የሌለው ዲስክ ካያችሁ መጀመሪያ ስቲከሩን ጠርጥሩ።

ስቲከሩ በምን በምን በኩል ነው የሚጎዳው?

አንደኛው እርጥበት ነው። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፕላስቲኩ በዚያ ልክ አይለጠጥም፣ አይኮማተርም። ሁለቱ ተጣብቀዋል፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን ያጎብጠዋል። የጎጃምን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ እንኳ አልደርቅ ይላል። ከዚያ ጥቅምትና ኅዳር ይመጣል፣ ነፋሱ ሁሉን ነገር ያደርቃል። ሳጥን ውስጥ ያለው ስቲከር ይህን በየዓመቱ ያያል። ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። አሥር ዓመት ማለት አሥር ክረምትና አሥር በጋ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ስቲከሩ መሃሉን ስቶ ከተለጠፈ የዲስኩ አንዱ ጎን ይከብዳል። በዴክ ፊልም ሲታይ ዲቪዲ መጀመሪያ ላይ በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር፣ ዳር ላይ ሲደርስ ወደ 580 ዙር ይሽከረከራል። ሲዲ ከ500 ጀምሮ ወደ 200 ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት ትንሽ መዛባት ብዙ አይታወቅም። ኮምፒውተር ላይ ግን ከዴክ 16 እጥፍ ፈጥኖ የሚያነብ ድራይቭ (ዲስኩ የሚገባበት ማንበቢያ) በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ ያዞረዋል። የከበደው ጎን የሚጎትተው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም። ፍጥነቱ 6 እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 36 እጥፍ ይሆናል። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ሲጮህ የምትሰሙት ይኸው ነው። ቤት ዴክ ላይ የሚሠራ ዲስክ ላፕቶፕ ላይ አልሠራም የሚለውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከደጀን ተነስታችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትሄዳላችሁ። ላይ ጋቢ ለብሳችሁ የገባችሁበት መኪና ታች ምድጃ ይሆናል። ሙጫው ይለሰልሳል። የስቲከሩ ዳር ይነሳል። የመኪና ማጫወቻ ደግሞ ዲስኩን በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ነው የሚያስገባው። የተነሳው ዳር እዚያ ይያዝና ዲስኩ አይወጣም፣ አይገባም። ስቲከር ያለበትን ዲስክ መኪና ማጫወቻ ውስጥ ጭራሽ አታስገቡ። ምንም ያህል ደህና ቢመስልም።

ደረጃ 1፦ እጃችሁን ሰብስቡ፣ አትላጡ

ይህን ከራሴ ነው የተማርሁት። አንድ የመዝሙር ሲዲ ነበረኝ። ስቲከሩ ዳር ዳሩን ተነስቶ ነበር። ብላጠው ይሻላል አልሁና በጥፍሬ ጀመርሁ። መጀመሪያ ላይ እሺ አለኝ። ትንሽ እንደሄድሁ ግን ድምፁ ተቀየረ፤ እንደ ፌስታል የሚቀደድ ድምፅ። ገልብጬ ሳየው የወረቀቱ ጀርባ ብር መስሏል። ዲስኩን ወደ አምፖሉ ሳነሳው ብርሃኑ እንደ መስኮት አሳለፈ። መዝሙሩ ከወረቀቱ ጋር ተላጥቶ መጥቷል። ይህን የሚመልስ ምንም መላ የለም።

ስለዚህ ሲዲ ላይ ስቲከር አይላጥም። በሙቅ ውኃ፣ በቤንዚን፣ በአሴቶን፣ በዘይት አይሞከርም። ቤንዚንና አሴቶን ፕላስቲኩንም ቫርኒሹንም ይበላሉ። ዲቪዲ ላይ መረጃው መሃል ስለሆነ ብረቱ እንዲህ ላይላጥ ይችላል፤ ግን ሲስቡት ይታጠፋል፣ የተጣበቁት ሁለቱ ፕላስቲኮችም ዳር ላይ ሊላቀቁ ይችላሉ። እሱንም ተዉት። ግማሹን መላጥ ደግሞ ካለመላጥ ይብሳል፤ ሚዛኑ ፈጽሞ ይጠፋል።

ዳሩ ብቻ ተነስቶ ከሆነ በንጹሕ ጣት ቀስ ብላችሁ መልሳችሁ ጫኑት። ቦታውን ለማስተካከል ብላችሁ አንስታችሁ አትለጥፉት። የተነሳው ክፍል አልያዝ ካለና ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ዲስኩን ሳትነኩ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ብቻ በመቀስ ቁረጧት። ድራይቭ ውስጥ ገብታ ሌንሱን እንዳትነካ።

ደረጃ 2፦ ዲስኩን መርምሩ

ጠፍጣፋ መስታወት ፈልጉ። የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። አጠገቡ ስቲከር የሌለው ደህና ዲስክ አድርጉ። ዲስክ መሃሉ አካባቢ ትንሽ ከፍ ያለ ቀለበት ስላለው ደህናውም ቢሆን መስታወቱ ላይ ልጥፍ አይልም፤ ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ነው ዋናው። ዓይናችሁን ከጠረጴዛው ጋር እኩል አድርጉና የስልክ መብራት ከኋላ አብሩ። ከደህናው ዲስክ ጠርዝ ሥር የሚታየው የብርሃን መስመር ዙሪያውን እኩል ነው። የጎበጠው ሥር ሰፊ፣ ወይም አንድ ጎን ሰፊ ሌላ ጎን ጠባብ ይሆናል። ወረቀት እያስገባችሁ መለካት ትችላላችሁ። አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከደህናው ይልቅ ሁለትና ሦስት ወረቀት ተጨማሪ የሚያስገባ ከሆነ ጎብጧል ማለት ነው።

ከዚያ ስቲከሩን እዩት። ውስጡ አየር ቋጥሮ አብጧል? መሃሉ ካለው ቀዳዳ እስከ ስቲከሩ ዳር ያለው ርቀት በሁሉም ጎን እኩል ነው? እንደ ሳህን ወጥ የጎበጠ ዲስክ አንድ ጎኑ ከተጣመመው ይሻላል። ወጥ ለሆነው ሌንሱ ከፍ ዝቅ እያለ ትንሽ ይችለዋል። በየዙሩ የሚወዛወዘው ግን ያደክመዋል።

ደረጃ 3፦ ጥረጉ

ለስላሳ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በቀጥታ። እየዞራችሁ አትጥረጉ፤ ክብ ጭረት የመስመሮቹን አቅጣጫ ተከትሎ ስለሚሄድ ለማረም ከባድ ነው። ቅባት ካለበት ጨርቁን በትንሽ ውኃ ነክሩ። ውኃው ስቲከሩን እንዳይነካ።

ደረጃ 4፦ ወደ ኮምፒውተር አውጡት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ዲስኩ እየባሰበት ነው የሚሄደው። ዛሬ ያነበበው ከርሞ ላያነብ ይችላል። ደህና ቢጫወትም ስቲከር ያለበት ከሆነ አውጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት ዲስኩ ከክፍሉ አየር ጋር ይላመድ። ከቀዝቃዛ ሳጥን አውጥታችሁ ሽፋኑን ከፍታችሁ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ግማሽ ቀን ያህል አቆዩት። ከተቻለ ለላፕቶፕ የሚሆነውን ቀጭኑን የዩኤስቢ ድራይቭ ተጠቀሙ። ዲቪዲ ከ8 እጥፍ በላይ ስለማያዞር ከትልቁ ይልቅ ረጋ ይላል። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ዲቪዲውን ስትከፍቱ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። ውስጡ ትልልቆቹ «ቪኦቢ» የሚባሉት ፋይሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው እስከ 1 ጊጋባይት። ሁሉንም አንድ ላይ ጎትታችሁ ኮፒ አታድርጉ። አንዱ ላይ ሲደናቀፍ ሥራው ሁሉ ሊቆም ይችላል። አንድ በአንድ ኮፒ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹ ይመጣሉ። የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ቪሲዲ ከሆነ ደግሞ «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ፎልደር ውስጥ «ዳት» የሚል ፋይል አለ። ያንን አውጡት፣ ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ያጫውተዋል። ቪሲዲ ላይ ቪዲዮው የተቀመጠው የስህተት ማረሚያው ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ከዲቪዲ ይልቅ ኮፒ ሲደረግ ቶሎ እምቢ ይላል።

ተራ ኮፒ እምቢ ሲል ዲዲሬስኪዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያስነሳው ሊኑክስ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስታችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ይህን ፕሮግራም እወደዋለሁ። ዲስኩን በጥቃቅን ክፍል ይከፍለዋል። በመጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ይለቅማል፤ እምቢ ያለውን ለኋላ ይተዋል። የቱን እንዳነበበና የቱ እንደቀረው በአንድ ትንሽ የመዝገብ ፋይል ላይ ይጽፋል። ለዲቪዲ የክፍሉን መጠን 2048 ባይት በሉት። መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ችግር የለም። መልሳችሁ ስታስነሱት ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ድራይቭ ውስጥ ብታደርጉት እንኳ ያንኑ መዝገብ ይዞ የጎደለውን ብቻ ይፈልጋል። አንዱ ድራይቭ ያልቻለውን ሌላው ይችለዋል። የጎረቤት ላፕቶፕ፣ የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ሞክሩ።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ ግን የሚከተለው ነው። የሠርግ ዲቪዲ አንድ ብቻ አይደለም። ለሙሽሮቹ ቤት፣ ለወላጆች፣ ለሚዜዎች ተብሎ ከአንድ ማስተር፣ ማለትም ከአንድ ዋና ቅጂ፣ ተባዝቶ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በሁሉም ላይ ያለው ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። የእናንተ ዲስክ ያጣውን ክፍል የሚዜው ዲስክ ሊሞላው ይችላል። ያ ዲስክም ተበላሽቶ ቢሆን፣ የተበላሸበት ቦታ ከእናንተው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ዲዲሬስኪዩን በዚያው መዝገብ፣ በዚያው ፋይል ላይ በሁለተኛው ዲስክ አስነሱት። ቀዳዳውን ብቻ ይሞላል። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ዲስኮች ከአንድ ማስተር ሲገለበጡ ነው። መጠናቸው በባይት እኩል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ይህም ካልሆነ የዴኩን ዘገምተኛነት ተጠቀሙበት። ኮምፒውተር ያልቻለውን ዲስክ ዴክ ካጫወተው፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀዩን ገመድ ከዴኩ አውጥታችሁ በዩኤስቢ ካፕቸር ካርድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። እንደ ቴሌቪዥን እያየ ይቀዳዋል። ጥራቱ ትንሽ ይወርዳል። ቢወርድም ጨርሶ ከማጣት ይሻላል።

አንድ ቀን እምቢ ያለ ዲስክ ሌላ ቀን ሊያነብ ይችላል። ስቲከሩ ከአየሩ ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ በጋ ላይ የጎበጠው ክረምት ላይ ለቀቅ ሊል ይችላል። ተስፋ ቆርጣችሁ አትጣሉት። ለማቃናት ብላችሁ ግን እሳት ዳር፣ ፀሐይ ላይ ወይም ካውያ ሥር አታድርጉት።

ደረጃ 5፦ አዲሱን ስትቀዱ

ያወጣችሁትን ፋይል ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ሌላ ሰው ቤት። እናትና አባት ግን ዲስክ ነው የለመዱት። ዴካቸውን ያውቁታል። ስለዚህ አዲስ ዲቪዲ መቅዳታችሁ አይቀርም።

ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይባል እንጂ ኮምፒውተሩ 4.38 አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። እስከ አፉ አትሙሉት። እኔ 4 ጊጋባይት ላይ አቆማለሁ። ዳሩ ባዶ ይቀራል፤ ዳሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚታመመው ቦታ ነው። ቪዲዮው ረጅም ከሆነ ሁለት ዲስክ አድርጉት። ስትቀዱ በከፍተኛው ፍጥነት አትቅዱ፣ መካከለኛውን ምረጡ። ሲጨርስ ፕሮግራሙ የተቀዳውን ከዋናው ጋር ያመሳክር፤ ኢምግበርንና ኔሮ በሚባሉት የመቅጃ ፕሮግራሞች ላይ ይህ ምርጫ አለ። ጊዜውን በእጥፍ ያስረዝመዋል፣ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ስም መጻፍ

ስም የሚጻፈው በማርከር ነው። ጫፉ ለስላሳ፣ ለሲዲ ተብሎ የተሠራ፣ በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ያለው ቢሆን ይመረጣል። ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ማርከር ውስጡ ጠንካራ ማሟሟያ አለው። በተለይ ሲዲ ላይ አይሁን፤ በጊዜ ብዛት ቫርኒሹን ሊያልፍ ይችላል። እስክሪብቶና እርሳስ ፈጽሞ አይነኩትም።

የት ይጻፍ? መሃል፣ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ግልጽ ቀለበት ላይ። እዚያ ምንም አልተቀዳም። ቦታው ጠባብ ነው፣ ስለዚህ አጭር ጻፉ። «ሠርግ 2001 ፣ 1/2» ይበቃል። ከጻፋችሁ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ ትንሽ ጠብቁ።

ዝርዝሩ፣ የሙሽሮቹ ስም፣ ፎቶው፣ የሚዜዎቹ ስም፣ ሁሉም የሽፋኑ ወረቀት ላይ ይውጣ። ቪዲዮ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ስሙኝ። ሰው የሙሽሮቹን ፎቶ ማየት ይፈልጋል፣ ገብቶኛል። ስቲከሩ ባይኖር ሥራው ጎደሎ ይመስለዋል። ፎቶውን የሽፋኑ ፊት ላይ በትልቁ አትሙለት። ዲስኩ ራሱ ላይ ይሁን ካለ፣ ላዩ ነጭ ሆኖ ለኢንክጄት ፕሪንተር የተዘጋጀ ባዶ ዲስክ አለ። ቀለሙ በቀጥታ ይታተምበታል። ሙጫ የለውም፣ ወረቀት የለውም፣ ሚዛን አያዛባም። ከስቲከሩ ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት ለደንበኛው ንገሩትና ይምረጥ። ሠርግ አይደገምም።

ግድ ስቲከር ይለጠፍ ከተባለ ሲዲ ላይ ብቻ፣ ሙሉ ክብ ብቻ፣ በመለጠፊያው መሣሪያ ብቻ። ያ መሃሉ ላይ ምሰሶ ያለው ነገር ስቲከሩንና ዲስኩን አንድ ማዕከል ላይ ያመጣቸዋል። በእጅ አይሆንም፤ ዓይን ልክ ነው ያለው ሁለት ሚሊ ሜትር ሊስት ይችላል። መጀመሪያ ቅዱ፣ አመሳክሩ፣ ከዚያ ለጥፉ፣ ከለጠፋችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና አጫውታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። ለደንበኛው ስቲከር የሌለው አንድ ትርፍ ቅጂ ስጡት።

ማስቀመጫው

ያ የ2003 መመሪያ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ የአየር እርጥበት ይላል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ለዲስክ ይስማማዋል። የሚያስቸግረን ክረምቱ ነው። የባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ ሙቀቱንም ተጠንቀቁ። ዲስኩ በጠንካራ ማቀፊያው ውስጥ ሆኖ እንደ መጽሐፍ ይቁም፤ ተደራርቦ አይጋደም። ምድጃና ጭስ ካለበት ክፍል ይራቅ። ነጠላ አይጠቅልለው፤ እናቴ ይቅር ትበለኝ።

የመልሱን ነገር ሳልነግራችሁ። ከእኛ ዲስክ ዲዲሬስኪዩ አብዛኛውን አወጣ። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቀሩ። አንደኛው ሚዜ ሞጣ ነው የሚኖረው። ደወልሁለት። የእሱን ዲስክ ልጆቹ ጭረውታል፣ ግን ስቲከር አልነበረበትም፤ ሳይለጠፍበት የደረሰው ነበር። በሚመጣ ሰው ላከልኝ። በዚያው መዝገብ ላይ አስነሳሁት። ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ቢሠራ ነው፣ ቀዳዳው ሁሉ ሞላ።

በነጋታው እናቴ ቤት አዲሱን ዲስክ ዴኩ ውስጥ ከተትሁት። መልሱ መጣ። አባቴ በሕይወት አለ፤ ጠጅ የያዘ ብርሌ በእጁ ነው፣ ሙሽሮቹን ይመርቃል። እናቴ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። ምርቃቱ እስኪያልቅ አልተነፈሰችም፤ ሲያልቅ «አሜን» አለችና፣ «መልሰው እስቲ» አለችኝ።